የሰማንያ ቀኗ አራስ

ሀረገወይን ማስተማር ያቋረጠችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ምጥ ይዟት። የመጀመሪያ ልጇን ታየችን ልትወልድ ስትል ጠመኔዋን አስቀምጣ ከክፍል ወጣች፤ በሦስተኛው ወር ልጇን አዝላ ተመለሰች። ሁለተኛውን ስትወልድ ግን ጠመኔም ክፍልም አልነበራትም። ታስተምርበት የነበረውን የሴቶች ትምህርት ቤት ጣሊያን የበቅሎ ጋጣ አድርጎት ነበር።

ዘመኑ 1930 ዓመተ ምሕረት ነው። ባሏ ተሰማ ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ጫካ ገብቷል። ሲሄድ እሷ ማርገዟን እሱም አላወቀም፣ እሷም አላወቀችም። ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብላ ባለችው ባለሁለት ክፍል የጭቃ ቤት የቀሩት ሦስት ናቸው፦ ሀረገወይን፣ የአምስት ዓመቷ ታየች፣ የተሰማ እናት እማማ ወለተሰንበት። እማማ ወለተሰንበት ጦም የማያጎድሉ፣ ምራታቸውንም ለአንድ ቀን እንኳ በሰላም የማያሳድሩ ሴት ነበሩ። ቢሆንም በክፉ ቀን አብረው ለመኖር ከእሳቸው የተሻለ ሰው አልነበረም።

የሰፈሩ ሹም አቶ ባፈና ይባላል። ከጦርነቱ በፊት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ቆዳ ይነግድ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ቀድመው እጅ ከነሡት አንዱ ሆነና ሹመት አገኘ። ፊት ለፊት ሰው ሁሉ «እርስዎ» ይለዋል፤ ዞር ሲል የሚባለውን እዚህ አልጽፈውም። ይህ ሰው መስከረም ላይ፣ ሀረገወይን ሆዷ ገፍቶ እያለ ቤቷ መጣ።

«ጣሊያን ለተወላጁ ልጅ ትምህርት ቤት ሊከፍት ነው» አላት። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። ደመወዝ አለው፣ ዱቄትም ይሰፈርልሻል።»

«ምንድነው የማስተምረው?»

«የእነሱን ቋንቋ። ሰላምታ አሰጣጥ። የንጉሣቸውን መዝሙር።»

«አማርኛስ?»

«አማርኛ ምን ይረባቸዋል?»

ሀረገወይን እዚያው መልስ ልትሰጠው ነበር። ግን ከበሩ ጥግ የቆመችውን ታየችን አየችና ዋጥ አደረገችው። «እንደሚያዩኝ መውለጃዬ ደርሷል» አለችው።

«ግድ የለም፤ ሕፃኑ ክርስትና በተነሣ ማግስት ትመጫለሽ» አለ ባፈና። ቀጠለና «ደግሞ ቤትሽ ውስጥ ሴት ልጆች እየሰበሰብሽ ታስተምሪያለሽ ሲሉ ሰምቻለሁ። ስሚኝ፤ ወይ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ልጆችሽን አሳድጊ፣ ወይ እኛ ዘንድ መጥተሽ አስተምሪ። በገዛ ቤትሽ ሁለቱንም አደርጋለሁ ካልሽ ሁለቱንም ታጫለሽ» አላት።

የሰማው ልክ ነው። ከድሮ ተማሪዎቿ ሰባቱ በሳምንት ሦስት ቀን እየተደበቁ ይመጡ ነበር። ፊደል ቆጥረዋል፤ ማንበብ ግን ገና አልቻሉም። ሀረገወይንን እንቅልፍ የሚነሳት ይኸው ነው። ፊደል ብቻ የቆጠረ ልጅ በዓመቱ ሁሉንም ይረሳዋል። ማንበብ ከቻለ ግን ማንም ከራሱ ላይ አያወርድበትም።

ጥቅምት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድ ልጅ ወለደች።

በዚያ ሰፈር ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ጎረቤቱ የሚቆጥረው ጆሮውን አቁሞ ነው፤ ማንም ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። አዋላጇ ወይዘሮ ሙሉመቤት ደጅ ወጥታ አንድ አለች፣ ሁለት አለች፣ ሦስት አለች። ይሄኔ ወታደር የጫነ ካሚዮን መንገዱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሙሉመቤት በዚያ ዓመት ሁለት ወንድሞቿን የቀበረች ሴት ናት። አራተኛውን ሳትለው ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ገባች፤ በሩንም ከውስጥ ቀረቀረች።

ማዶ ጠጅ ቤት ተቀምጦ የነበረው ባፈናም እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ሦስት ቆጠረ።

በሳምንቱ መጥቶ ከደጅ ቆመ። አራስ ቤት ባዕድ ወንድ ዘው ብሎ አይገባም፤ ባፈናም ለጣሊያን ቢያድርም ይህን ለመድፈር አልበቃም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አለ ጮክ ብሎ። «ሦስት እልልታ ሰምቻለሁ። ለሴት ልጅ እንግዲህ ሰማንያ ቀን ነው። ክርስትናዋ እስኪደርስ እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ምክንያት የለም።»

ሀረገወይን ከመጋረጃው ጀርባ «ወንድ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ አሰበች። ወንድ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ ሴት በሰማንያ። በአርባ ቀን ሰባት ልጆች ማንበብ አይችሉም። በሰማንያ ቀን ይችላሉ።

«አሜን፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

አማቷ ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩዋት። ሹሙ ርቆ እስኪሄድ ታገሡና «አብደሻል?» አሏት። «የተሰማን ልጅ፣ አለኝ የምለውን ወንድ ልጄን፣ ሴት ብለሽ ሸጥሽው?»

«እኔ ምንም አላልኩም እማማ። እሱ ቆጠረ፣ እኔ አሜን አልኩ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በከተማው ውስጥ ከዚያች አራስ ቤት የበለጠ አስተማማኝ ትምህርት ቤት አልነበረም። ሰባቱ ልጆች በየቀኑ ጠዋት፣ አንዷ ገንፎ፣ አንዷ አጥሚት፣ አንዷ ባዶ ሳህን በጨርቅ ሸፍና «አራስ ልንጠይቅ ነው» እያሉ ይገባሉ። ሀረገወይን ትራስ ተደግፋ ሕፃኑን በግራ እጇ ታጠባለች። ቀኝ እጇ የእሷ ነው። ከፊቷ የአማቷ ሰፌድ ተዘርግቷል፤ ሰፌዱ ላይ አመድ ተነስንሷል። ልጆቹ በጣታቸው አመዱ ላይ ይጽፋሉ፣ እሷ ታርማለች፣ ሰፌዱ አንዴ ሲነቀነቅ ሁሉም ይጠፋል።

አስቸጋሪው ድምፅ ነበር። እኛ አገር መማር መጮህ ነው፤ የማይጮህ ተማሪ እንደተኛ ይቆጠራል። የሰንጋ ተራው ባለሱቅ ልጅ ዙሃራ ከሁሉም ጎበዝ ናት፣ ግን ከንፈሯን ገጥማ ማንበብ ሞት ነው የሚሆንባት። የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ታነባለች። ቃሉ ሲገባት ታዲያ ሻሹን ትተፋውና «ገባኝ!» ብላ ትጮሃለች፤ ሕፃኑም ደንግጦ ያለቅሳል፣ ትምህርቱም ይቆማል።

ታየች ደጅ ሆና ትጠብቃለች። እንግዳ ሰው ካየች «እማዬ ራበኝ!» ብላ እንድትጮህ ነው የተነገራት፤ የሕፃን ልጅ ረሃብ ማን ይጠረጥራል? አንድ ቀን ጮኸች። ሰፌዱ ተነቀነቀ፣ ልጆቹ አልጋ ሥር ገቡ፣ አማቷ ጸሎት ጀመሩ። ማንም አልነበረም። ልጅቷ የምሯን ርቧት ነው። ሀረገወይን ደንግጣ ስለነበር ተቆጣቻት።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ምሳ ሰዓት አልፎባት ግድግዳ ተደግፋ፣ ፊቷ ነጥቶ፣ ዝም ብላ ተቀምጣ አገኘቻት። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስትላት «ሰው ስላልመጣ» አለቻት። ሀረገወይን ያን ዕለት አለቀሰች፤ ባሏ ሲሄድ ያላለቀሰችውን ጭምር አለቀሰች። የሰው ልጅ እያስተማረች የራሷን ልጅ ረሃቧን ደብቂ ብላ ማስተማሯ አንጀቷን በላው። በማግሥቱ ምልክቱን ለወጠች፤ ታየች ሰው ስታይ «ዶሮዋ አመለጠች» እንድትል ሆነ። ትምህርቱን ግን አላቆመችም። እልኳ ጭራሽ ባሰባት፤ ይህን ሁሉ ከፍላ በግማሹ ልትተወው አልቻለችም።

አርባኛው ቀን አለፈ። እማማ ወለተሰንበት ከምራታቸው ጋር መነጋገር አቆሙ። በሃምሳ ሰባተኛው ቀን ሕፃኑ ተኮሰ። ጡት እምቢ አለ፣ ዓይኑ ፈዘዘ። አሮጊቷ ያኔ ተናገሩ።

«ማኅተብ ሳታስሪለት አንድ ነገር ቢሆን ለተሰማ ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ? አማርኛ አስተማርኩ ልትይው ነው?»

ሰባቱ ልጆች ማንበብ ጀምረዋል፤ አራቱ ቀጥ አድርገው ያነባሉ፣ ሦስቱ ገና ይንተባተባሉ። ሃያ ሦስት ቀን ይቀራል። ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትኩሳቱን ስትሰማ ግን ሃያ ሦስት ቀን ብትጠብቅ ራሷን ይቅር እንደማትል አወቀች። «ነገ እናስነሣዋለን» አለች።

በማግስቱ የታኅሣሥ ልደታ ነበረች። ቅጽረ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ቄሱ ለምን በአርባ ቀኑ አላመጣችሁትም ብለው ተቆጡ፣ ተቆጥተው ሲያበቁ አጠመቁት፣ ወልደ ገብርኤል አሉት፤ የቤት ስሙ ፈቃደ ሆነ። ውኃው ሲነካው ከአንድ ቀን ዝምታ በኋላ ግቢው እስኪሰማ አለቀሰ። ሀረገወይን ለቅሶ ሰምታ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ከበሩ ሲወጡ ባፈና ቆሟል። «ምነው፣ ሰማንያው ሳይሞላ?» አለ።

እማማ ወለተሰንበት ከሃምሳ ቀን በላይ የታፈነ ነገር አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። «ወንድ ልጅ ምን ቆርጦት ሰማንያ ቀን ይጠብቃል!» ብለው አፈነዱት። ወዲያው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ግን ምን ዋጋ አለው።

ባፈና ፊቱ ተለዋወጠ። ሰው ተሰበሰበ። «ወንድ ነው? ታዲያ ከአርባው በኋላ አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ሳስተምር ነበር» አለች ሀረገወይን።

«እንደዚህ ልትደፍሪኝ? ልጆችሽን አታስቢም?»

«ልጆቼንማ አንተ አታስብልኝ።»

ሰዉ «አንተ» የሚለውን ቃል ሰማ። በልደታ ባፈናን ከዚያ በፊት በአደባባይ «አንተ» ያለው አልነበረም፤ አንድ ሽማግሌ ሳል አስመስለው ሳቃቸውን ዋጡ። ባፈናን ከትምህርት ቤቱም ከሰማንያ ቀኑም ይልቅ ይህች ቃል አቃጠለችው። «ነገ ጠዋት ጣሊያን ትምህርት ቤት ካልተገኘሽ እኔው መጥቼ እወስድሻለሁ» አለ።

«ቤቴን ታውቀዋለህ» አለችው።

በማግስቱ አልሄደችም። ቤቷን ወለል አድርጋ ከፈተች። ከሰባቱ ልጆች የመጡት ሦስት ናቸው፤ አንዷ ዙሃራ ነበረች። ሀረገወይን «ዛሬ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ» አለቻቸው። ዙሃራ የሁለት ወሩን በአንድ ጊዜ ጮኸችው፤ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ። ሦስት ሰዓት ገደማ ባፈና ሁለት ወታደር አስከትሎ መጣ። ሀረገወይን ልጆቹን በጓሮ አስወጥታ ፈቃደን አዘለች። ታየች ቀሚሷን ይዛ አልለቅም አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቀቻት እናቷ ራሷ ናት። ሀረገወይን በሕይወቷ ካደረገችው ሁሉ እሱን ያህል የከበዳት ነገር የለም፤ አርጅታም ስታወራው ድምፅዋ ይሰበር ነበር።

ሴቶች የታሰሩበት ቤት የድሮ የእህል መጋዘን ነው። አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩበት፤ አብዛኞቹ ልጆቻቸውን ጥለው የመጡ ናቸው። ሕፃን ይዛ ስትገባ ሁሉም እጃቸውን ዘረጉ። ሀረገወይን ግን ልጁን ለማንም ዝም ብላ አልሰጠችም። መሬቱ ላይ በጣቷ ፊደል ጻፈችና «ይህን ያወቀች ትቀፈው» አለች።

እንዳለች የምትባል ሴት ነበረች፤ አረቄ ቤቷ ውስጥ አርበኛ ደብቃ የተያዘች፣ ስድሳ ያለፋት፣ ምላሷ ስለት የሆነ። «በዚህ ዕድሜዬ ሀሁ?» ብላ ተሳደበች። በሦስተኛው ቀን አንድ መስመር ፊደል አጥንታ መጣችና ልጁን ወስዳ እስኪመሽ አልመለሰችም። በአምስት ወር ውስጥ ፈቃደ ሁለት ጥርስ አወጣ፣ ዳዴ አለ። ሴቶቹም ስማቸውን መጻፍ ቻሉ።

ግንቦት ላይ ጣሊያን ግዛቱን ያወጀበትን በዓል ምክንያት አድርጎ ምሕረት አደረግሁላችሁ አለ። ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቶ አንድ የራሳችን ሰው ጸሐፊ ተቀመጠ፤ አጠገቡ አንድ ጣሊያን መኮንን ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ጸሐፊው ስምና ሥራ እየጠየቀ ይጽፋል፣ ከዚያ ለጣት አሻራ የቀለሙን ሙዳይ ይገፋል።

መጀመሪያ የቀረበችው እንዳለች ናት። ሙዳዩን በክንዷ ወደዚያ አለችውና «ብዕሩን አቀብለኝ» አለች። ጸሐፊው የሰማውን አላመነም። እሷ ግን ብዕሩን እንደ ወጥ ማማሰያ ጨብጣ፣ ምላሷን ነክሳ፣ ከመስመር እየወጣች «እንዳለች» ብላ ጻፈች። ሁለተኛዋም ብዕሩን ጠየቀች። ሦስተኛዋም። አሥራ አንዱም።

«ማነው ያስተማራችሁ?» አለ ጸሐፊው።

እንዳለች ዞር ብላ ፈቃደን አመለከተችው። «ይሄ ነው። ቁጡ መምህር ነው፤ ፊደል ለሳተች አይታቀፍም።»

ሴቶቹ ሳቁ። መኮንኑ ምን እንዳሉ ጠየቀ፤ ጸሐፊው ቀጣይዋን ጠራ።

የመጨረሻዋ ሀረገወይን ነበረች። ጸሐፊው ስሟን ከጻፈ በኋላ ሥራዋን ሳይጠይቃት ልጁን አየና «የቤት እመቤት» ብሎ ጻፈ። አስተማሪ ጽሑፍን ገልብጦ ማንበብ ያውቃል፤ ሀረገወይን ከወዲያ ማዶ ቆማ አነበበችው።

«ስሕተት ጽፈሃል» አለችው። «አስተማሪ በለው።»

ጸሐፊው ቀና አለ። «የት ነው የምታስተምሪው?»

«እዚሁ» አለችው።

ጸሐፊው መኮንኑን በዓይኑ ጠርዝ አየ፤ መኮንኑ አማርኛ አያውቅም። ብዕሩን ቀለም ነክሮ የጻፈውን ሰረዘና ያለችውን ጻፈ።