ለሎሌው እንግዶች የተያዙ ወንበሮች

እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። ከሬዲዮና ከደንበኞቼ ቃርሜ ነው የያዝኩት። ሶማልኛውን ከገበያ፣ ስፌቱን ደግሞ አሮጌ ኮት እየፈታሁ እንደገና በመግጠም ተማርኩ። ሐርጌሳ ውስጥ ኮት ገልብጦ የሚሰፋ ከእኔ ሌላ ካለ እስካሁን አላየሁትም። ስለዚህ የውጭ አገር ሰዎች ለደስታቸው ያቋቋሙት የቲያትር ቡድን የድሮ የሩሲያ ኮሜዲ ሊያሳይ ሲነሳና ልብስ ሰፊ ሲፈልግ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ድረስ እኔን ፍለጋ መምጣቱ አልደነቀኝም።

ዳይሬክተሯ ኖርዌጂያዊት ሐኪም ነበረች። የከሰረውን ባላባት የሚጫወተው ኬንያዊ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ሴት ልጁን ደግሞ የከተማው ተወላጅ የሆነች ነርስ ትጫወታለች። በጽሑፉ ላይ እጮኛው የልጅቷን እጅ ይስማል። እዚህ፣ አባቷና አጎቶቿ ፊት፣ ይህ እንዴት ይሆናል? ሦስት ቀን ተከራከሩ። መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ነጭ ጓንት ሰፋሁ፤ ልጅቷ ጠረጴዛ ላይ ረስታው ትወጣለች፣ እጮኛው ጓንቱን ይስማል። ዳይሬክተሯ አጨበጨበችልኝ።

ሎሌውን ይጫወት የነበረው ህንዳዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ነርሷ፣ “አዴር፣ ቃሉን ሁሉ ያውቁታል፤ ለምን እርስዎ አይሠሩትም?” አለችኝ። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። አሥራ አንድ ንግግር ብቻ ነበር። እኔ ግን የሁሉንም በቃሌ ይዤ ስለነበር ኬንያዊው ገና ሲንተባተብ ከበሩ ጀርባ እጮህለታለሁ።

“ኧረ ሽማግሌው፣ ትንሽ እንኳ ልርሳው እንጂ!” ይለኛል።

ለእያንዳንዱ ተዋናይ በፊት ረድፍ ሁለት ወንበር ተሰጠ። እኔም በሁለት ወረቀት ላይ “የሎሌው እንግዶች” ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። አንዱ ለልጄ፣ አንዱ ለሚስቱ። ጅጅጋ ነው የሚኖሩት። እናቱ ካረፈች ወዲህ በስልክ እንጂ በአካል አልተያየንም፤ ምራቴን ጭራሽ አላውቃትም።

ደወልኩለት። “ዐርብ ከዐሱር ሶላት በኋላ ቲያትር አለኝ። ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። የፊት ወንበር ሁሉ ተይዟል” አልኩት።

“ማሻአላህ፣ አባ!” አለኝ።

ገብቶታል ብዬ ዘጋሁ። ባደግኩበት ቤት አባት ልጁን ና ብሎ አይለምንም። አባቴ ስንናፍቀው “በጉ ወፍሯል” ብሎ ይልክብን ነበር፤ እኛም እንሄድለታለን።

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ፣ “ጋሼ፣ ለእኔ ወንበር የለም?” ሲለኝ ለልጄ እንደያዝኩ ነገርኩት።

“ይሁና! እኔማ የእርስዎን ቲያትር በየቀኑ በነፃ አየዋለሁ” ብሎ ሳቀብኝ።

ዐርብ ግቢው ሞላ። ከመጋረጃው ቀዳዳ ባየሁ ቁጥር ሁለቱ ወንበሮች እንደነበሩ ናቸው። ነርሷ ቀሚሷን ሰብስባ መጣች።

“አዴር፣ ሁለት እናቶች ቆመዋል። ወንበሮቹን እንስጣቸው?”

“አይሆንም። መንገድ ላይ ናቸው፤ ኬላ አዘግይቷቸው ነው።”

እናቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ፔርሙዙን በትሪ ይዤ ወጣሁ፤ አንድ ቃል አልሳትኩም። ሰው ሦስት ጊዜ በእኔ ንግግር ሳቀ፣ ይህን ማንም አይክድም። ግን አሥራ አንዱንም የተናገርኩት ለሁለቱ ባዶ ወንበሮች ነበር።

ሲያልቅ ሁሉም ወደየዘመዱ ሄደ። ፎቶ ይነሳሉ፣ ይተቃቀፋሉ። የነርሷ አባት የኬንያዊውን እጅ ይዞ አልለቅ አለ። እኔ የሎሌውን ኮት እንደለበስኩ ወረቀቶቹን ልላጥ ስጎነበስ ስልኬ ጮኸ።

“አባ፣ እንዴት ነበር?”

“የት ደረሳችሁ?” አልኩት።

“የት? ቤት ነን።”

አንዱን ወረቀት ላጥኩት።

“አባ… እኛን ነበር እንዴ የጠበቅከው? ወንበሩ ሁሉ ተይዟል አልከኝ እኮ!”

“ለማን የተያዘ መሰለህ?”

“ለትልልቅ ሰዎች ነዋ! አንዲት ቃል፣ ‘ና’ ብትለኝ፣ ሌሊቱን ተነስቼ እመጣ ነበር። ሚስቴም ልታይህ ትፈልጋለች።”

በሚመጣው ዐርብ ደግመን እንደምናሳይ ያኔ አውቅ ነበር። ወንበሮቹም የእኔው ናቸው። ና ልለው አፌን ከፈትኩ።

“ዳይሬክተሯ እንደ አንተ ያለ ሎሌ በአውሮፓም አላየሁ አለችኝ” አልኩት።

“ማሻአላህ፣ አባ” አለ ልጄ ቀስ ብሎ።

ከዚያ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ሶላት እንዳያልፈኝ ብዬ እኔው ቀድሜ ዘጋሁት።