ጋሽ ወልዴ የዘጋት ቱቦ

ባለፈው ሳምንት ከኮልፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጋቢና ነው የተቀመጥኩት፤ ጉልበቴ ኋላ ወንበር ላይ መታጠፍ እምቢ ካለኝ ቆይቷል። ሾፌሩ ጢሙ ገና ያቀመቀመ ልጅ ነው። ዳገቱን እያስጋለበ፣ "ፋዘር፣ ይቺ ናፍጣ ናት ብልዎት ያምናሉ? የጭስ መመለሻዋን አስዘጋሁዋ!" አለኝ። "አምናለሁ" አልኩትና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እሱ ምን ያውቃል!

በሃያዎቹ ዕድሜዬ እኔም ከኮልፌ በአስኮ አድርጌ ሳንሱሲ ድረስ የናፍጣ ሚኒባስ እነዳ ነበር። ሞተሯ ከምታወጣው ጭስ ከፊሉን በአንዲት ቱቦ መልሳ ትውጣለች። አየሩ እንዳይበከል ነው አሉ። ጥቀርሻው ግን አንጀቷን ደፍኖት ዳገት ላይ ታቃስታለች። ተሳፋሪው፣ "ወርደን እንግፋ እንዴ?" እያለ ይቀልድብኛል።

አስካለ ብቻ አትቀልድም። ሳንሱሲ ልብስ ስፌት ቤት ነበር የምትሠራው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልክ ሁለተኛው ምልልሴ (ቢያጆ ነው የምንለው) ሲነሳ፣ ኮልፌ ፌርማታው ጋ ትደርሳለች። ጋቢናውን ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ተይዟል" እላለሁ። ሽምብራ የበዛበት ቆሎ በወረቀት ጠቅልላ ትመጣና፣ መኪናዋ ስትጎተት እየቆረጠምን እናወራለን። ክረምት ሲሆን መስታወቱ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግልኛለች። እንደምወዳት ግን አልነገርኳትም። ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሞላኝ።

አንድ ሐምሌ፣ ዓርብ ቀን፣ ቆሎውን ሳትነካ ቀረች።

"ተካ፣ እሁድ ቤታችን ሽማግሌ ይመጣል።"

"ለማን?" አልኳት፣ እንደ ጅል።

"ለማን ይመስልሃል?"

ማርሽ ቀየርኩ። ልትወርድ ስትል፣ "ነገ በሰዓቴ እመጣለሁ። የምትለኝ ካለ…" ብላ በሩን ዘጋችው።

ታዲያ ያን ቀን ከሰዓት ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጋራዥ ሄድኩ! በምታቃስት መኪና ሴት ልጅ አትጠየቅም ብዬ። መካኒኩ ጋሽ ወልዴ ከዘይት ቆርቆሮ ላይ ትንሽ ቁራጭ ቀደደ፣ ቱቦዋ መጋጠሚያ ላይ ከተተና ብሎኑን አሰረ። "ከእንግዲህ ጭሷን አትውጥም። ድምፅዋ ይጨምራል፣ ሙቀቷን ግን ተከታተል" አለኝ። ስነዳት በረረች። ነገ አስካለ ስታይ እያልኩ ለብቻዬ ስስቅ አደርኩ።

ቅዳሜ የመጀመሪያውን ቢያጆ ጨርሼ ኮልፌ ስመለስ ከወትሮዬ ሃያ ደቂቃ ቀድሜያለሁ። ተራ አስከባሪው፣ "ያንተ ተራ ነው፣ ጫን!" አለኝ።

"ትንሽ ልቆይ፣ ሰው እጠብቃለሁ።"

"እንግዲያው ተራህን ልቀቅና ከኋላ ተሰለፍ።"

መልቀቅ ነበረብኝ። ጥፋቴ ይቺ ናት። በዚህ ጉልበቷ ደርሼ እመለሳለሁ፣ አስካለም ትጠብቀኛለች ብዬ ጫንኩ። ዳገቱ ላይ ማንም አልቀደመኝም። ጋቢና አንድ ጎረምሳ እንቅልፉን ይለጥጣል።

ስመለስ አስካለ የለችም። "ሁለት መኪና አሳልፋ ጠበቀችህ፤ ቀድሞሽ ሄዷል ስላት በሦስተኛው ሄደች" አለኝ ተራ አስከባሪው።

"ምን አለች?"

"ምንም። ይቺን ስጠው ብላለች።"

በወረቀት የተጠቀለለች ቆሎ ናት።

ሳንሱሲ ስደርስ መኪናዬን አቁሜ ስፌት ቤቱ በር ድረስ ሄድኩ። አጎንብሳ ትሰፋለች። በሥራ ባልደረቦቿ ፊት ምን ልበላት? ፈራሁ፣ እውነቱ ይሄ ነው። ሳታየኝ ተመለስኩ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አጣሁ።

ሰኞ ጋሽ ወልዴ ጋ ሄጄ፣ "ቆርቆሮዋን አውጣልኝ" አልኩት። "አብደሃል እንዴ?" እያለ አወጣት። መኪናዋ እንደ ድሮዋ ማቃሰት ጀመረች። እኔም አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጋቢናውን "ተይዟል" እያልኩ ክረምቱን ጨረስኩ። አስካለ ከዚያ ወዲያ እኔ መኪና ውስጥ አልገባችም። በመስከረም ማግባቷን ሰማሁ። እኔ ሳላገባ ቀረሁ።

"ደረስን ፋዘር! ፈጠንን አይደል?" አለኝ ልጁ።

"ፈጠንን" አልኩት። የሚጠብቅህ ሰው ካለ ተራህን ልቀቅ ልለው ፈልጌ ነበር፤ ግን ከኋላችን ጥሩምባው በዛ። ወረድኩና ቁልፌን ከኪሴ አወጣሁ። ቤቴ ከውስጥ የሚከፍትልኝ ሰው የለም። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ እኔን የሚያስቸኩል ቦታ ኖሮ አያውቅም።