የምትደክመው ፒካፕ

እሁድ ሲመጣ ገና ከአልጋዬ ሳልነሣ ይደክመኝ ነበር። ምክንያቱ አሮጌዋ ፒካፔ ናት። ከወረታ ወጥተን በሩዝ ማሳዎቹ መሀል ትንሽ እንደሄድን ጉልበቷ ይከዳታል። ነዳጅ ብረግጥ ብረግጥ ታቃስታለች እንጂ አትፈጥንም፤ ከዚያ ቀጥ ትላለች። ጥቂት ቆይቼ ሳስነሣት ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ትነሣለች። ይበልጥ የምናደደው ያኔ ነው።

አጠገቤ የሚቀመጡት ቄሱ አባቴ ናቸው። ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ የሚኖሩት እኔ ዘንድ ወረታ ነው፤ የሚቀድሱት ግን አሁንም ሜዳው ላይ ባለችው ደብራቸው ነው። ደብሯ የቀሯት ሁለት ቄሶች ብቻ ናቸው፤ አንዱ እሳቸው። ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ካልተሟላ ደግሞ ቅዳሴ የለም። አንድ እሁድ መኪናዋ ጭራሽ አልነሣም ብላ ቅዳሴው ታጎለ። ምእመኑ ነጠላውን እንዳጣፋ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ቆመን አገኘን። ማንም ክፉ አልተናገረንም። ሰላም ብለውን ሲያልፉ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ያላሳየኋት መካኒክ የለም። ካንዴላዋ ተቀየረ፣ የነዳጅ ማጣሪያዋ ተቀየረ፣ ካርቡሬተሯ ተፈትቶ ታጠበ። ጋራዥ ስትገባ ደህና ናት። መካኒኩ መጀመሪያ የነዳጁን ክዳን ከፍቶ ያያል፣ ያስነሣታል፣ ያዳምጣታል፣ ከዚያ «ይቺ ደግሞ ምን ሆነች ትላለህ?» ብሎ እኔን ያየኛል። ስዋሽ የተያዝሁ ይመስል ሂሳቡን ከፍዬ እወጣለሁ።

እኔ ስነጫነጭ አባቴ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። አንድ ቀን ግን «ተዋት እንግዲህ ልጄ» አሉኝ። «እኔ እንጃ፣ ፈጣሪ በቃህ እያለኝ ይሆናል።» ተስፋ ቆርጠው የተናገሩት መስሎኝ ጭራሽ እልህ ያዘኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ከብቶች በሚሻገሩበት ቦይ አጠገብ ቆመች። ሞተሯን ከፍቼ ማየቱ ስለሰለቸኝ ቤንዚን አልቆባት እንደሆነ ልይ ብዬ ወደ ኋላ ሄድሁ። የነዳጁ ክዳን በፌስታል ተጠቅልሎ በአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ይህ የአባቴ ሥራ ነው። ክረምት ጎርፉ መንገዱን ሲያለብሰው ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ጠላ ጋን አፍ ይደፍኑታል። ውሃው ከሸሸ በኋላም አልተዉትም። እዚህ አገር ከውሃ የማይሸሸግ ነገር ስለሌለ እኔም ልብ ብዬው አላውቅም።

ማሰሪያውን ፈትቼ ክዳኑን ሳላላው የነዳጁ አፍ አየር ሳበ፤ ድምፁ በደንብ ተሰማኝ። ቤንዚኑ ሲጎድል በቦታው አየር ካልገባ ወደ ሞተሩ መሄዱን ያቆማል። ልጆች የላስቲክ ጠርሙስ አፋቸው ላይ ገጥመው ሲስቡት ጭምድድ ብሎ እንደሚቀረው ማለት ነው። ስንቆም አየሩ በማሰሪያው ክፍተት ቀስ እያለ ይገባና ትነሣለች። መካኒኮቹ ደግሞ ሁሉም መጀመሪያ ክዳኑን ይከፍታሉ፤ እነሱ ዘንድ ደህና የምትሆነው ለዚህ ነው።

ፌስታሉን ይዤ ወደ መስኮታቸው ሮጥሁ። «አባ፣ አገኘሁት! እርስዎ ያሰሩት ነው ትንፋሽ የነሳት። ከእንግዲህ አንድም እሁድ አይቀርብዎትም!»

ይስቃሉ ብዬ ነበር። ፌስታሉን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«ይቺ ብቻ ናት?»

«ይቺው ናት።»

«ሌላ ሕመም አይዶለም?»

«አይደለም አባ።»

ፌስታሉን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ደክሞኝ ነበርኮ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «መቆሙን አልቻልሁትም። እኔ ቀረሁ ብል ቅዳሴው በእኔ ታጎለ ነው። መኪናይቱ እንቢ ካለች ግን ማን ይፈርድብኛል ብዬ ነበር።»

«እንመለስ?» አልኋቸው።

«እየጠበቁን ነው። አስነሣት።»

አስነሣኋት። እስከ ደብሩ ድረስ አንዴም አልከዳችኝም። እኔ ግን ነዳጅ ሳልረግጥ፣ የቻልሁትን ያህል ቀስ ብዬ ነዳሁ።