ፒካፗ ለምን ዝቅ አለች

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ በደርግ ጊዜ አምቦ ውስጥ መኪና ይዤ ስኖር ይህችን ተረት እንደ ጸሎት ነበር የምደግማት። ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ቀበሌው ደግሞ ሁላችንንም የሚጠረጥርበት ዘመን ነበር፤ እኔም በተፈጥሮዬ ሰው የማምን አልነበርኩም። ነዳጅ ቀጂውን እጠረጥራለሁ፣ ጎማ ለጣፊውን እጠረጥራለሁ። መካኒክማ ገና ከሩቅ ሳየው ኪሴን እዳብሳለሁ።

መኪናዬ አሮጌ የጃፓን ፒካፕ ነበረች። ከኋላዋ ትንሽ ተሳቢ እየጎተተች ወደ ጉደርም ወደ ጊንጪም ለእህል ወፍጮዎች የናፍታ በርሜል ታመላልሳለች፤ የምንበላው ከዚያች ተሳቢ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ ጊንጪ ገበያ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። አንድ ክረምት ከጋሪ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አጥንቱ ቢገጥምም እግሯ እንደ ድሮው አልታጠፍ አለ። በምርኩዝ ትራመዳለች፤ ከፍ ያለ ነገር ላይ መውጣት ግን አትችልም። ፒካፗ ደግሞ ለጭቃና ለኮረኮንች የተሠራች ረጅም ናት። ስለዚህ በየገበያው ቀን ደጃፋችን ላይ አንስቼ ጋቢና አስገባታለሁ፤ ጊንጪ ስንደርስ አንስቼ አወርዳታለሁ። ሰፈርተኛው "ሙሽሮቹ መጡ!" እያለ ይስቃል። እሷም አንገቴን አቅፋ ትስቃለች።

ያልሳቀው ወገቤ ነበር። ሳነሳት የሆነ ነገር ከወገቤ ተነስቶ እስከ ጉልበቴ ይወርዳል፤ ማታ ጫማዬን ለመፍታት ጎንበስ ማለት ያቅተኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ለእሷ ብነግራት ገበያ መሄዷን በዚያው ቀን እንደምትተው አውቃለሁ። ከወደቀች በኋላ ቤት የዋለችባቸውን ወራት አይቻለሁ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምትውለው። ያ እንዳይመለስ ፈራሁ፣ እውነቱን ለመናገር ከሕመሙ ይልቅ እሱን ነበር የፈራሁት።

አንድ ቀን ዘይት ልቀይር ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ ከደቡብ መጥቶ አምቦ የከተመ ሙስሊም ነበር፤ ዝምተኛ፣ ከሰው ይልቅ ከመፍቻው ጋር የሚያወራ። ከመኪናው ሥር ሳይወጣ፣

"ጋሼ፣ ይቺን መኪና ለምን ዝቅ አናደርጋትም?" አለኝ።

"ለምን ሲባል?"

"ለመውጣትም ለመውረድም ትመቻለች።"

ጆሮዬ ቆመ። ሳይጠየቅ የሚመክር መካኒክ አይቼ አላውቅም። በዚያ ላይ መኪና ዝቅ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ባሌስትራውን ፈትቶ ከተደራረቡት ብረቶች አንድ ሁለቱን ማስቀረት ነው። የቀረው ብረት የት እንደሚሄድ ደግሞ አገር ያውቀዋል። ለማረሻ ከባሌስትራ የሚበልጥ ብረት የለም፤ ቀጥቃጮቹ ሲለምኑት ነው የሚውሉት፣ ከካቺሲ ድረስ ገበሬ ይመጣበታል። አምቦ ውስጥ በየኩሽናው ያለው ቢላዋ አንድ ጊዜ የሰው መኪና ነበረ። እንግዲህ ሰውዬው ዓይኑ የወደቀው በእኔ ብረት ላይ ነው አልኩ በልቤ።

"ብረት ከቀነስክ ተሳቢዬን ማን ይሸከምልኛል?" አልኩት።

"አንድም ብረት አልቀንስም።"

"ታዲያ በዱዓ ነው የምታወርዳት?"

ያኔ ሳቀና ከሥር ወጣ። በዘይት በራሰ ጣቱ እያሳየ አስረዳኝ። ባሌስትራው የሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት ላይ ተቀምጧል፤ እሱ ግን ባሌስትራውን ከላይ አንስቶ ከብረቱ ሥር ያስረዋል። ብረቶቹ እንዳሉ ስለሚቀሩ አትደነድንም፣ ጉልበቷም አይቀንስም፤ ቁመቷ ብቻ ይወርዳል።

"ምን ያህል?" አልኩት።

ከኪሱ ሲባጎ አወጣ። መሬት ላይ አስነክቶ ወደ በሩ ደፍ አቅጣጫ ወጠረውና፣ "እስከዚህች ቋጠሮ" አለኝ። ቋጠሮዋ ቀድማ የታሰረች ነበረች። ሳልመጣ፣ ሳልጠይቀው፣ ልኬቱን በኪሱ ይዞ እየዞረ ነው! የማን ልክ ነው? የእኔን ብረት የሚቀበል የሌላ ሰው መኪና አለ ማለት ነው።

አእምሮዬ እምቢ ቢልም ወገቤ ቀድሞ ተስማማ። ማታ ለባለቤቴ፣ "መኪናዋን ትንሽ ዝቅ ላስደርጋት ነው፣ ጎማ ትበላለች" አልኳት። ስለ ጎማው የነገርኳት ውሸት ነበር። በሽሮው ጨው እንኳ የምትከራከረኝ ሴት "ጥሩ ነው" ብላ ጨርቋን ማጠፍ ቀጠለች። እሷንም ጠረጠርኳት።

በማግስቱ ወደ ጋራዥ ከመሄዴ በፊት የጥፍር ቀለሟን ሰርቄ መኪናዋ ሥር ገባሁና በያንዳንዱ የባሌስትራ ብረት ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ አደረግሁ። ብረቴን በሌላ ቢቀይሩብኝ ልይዛቸው ነው። ጋራዡ ግቢ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ፤ ምሳም አልሄድኩ። መካኒኩ ሲፈታ አየሁ፣ ሲያስር አየሁ። "ጋሼ፣ በዓይንዎ መፍቻዬን አቀለጡት" ቢለኝም አልተነቃነቅኩም። የኋላውን ከላይ ወደ ሥር አዞረው፤ የፊቱን ብሎን በማላላት አስተካከለው። የመኪናዋን አካል የተሸከመው ሻንሲና ከሥሩ ያለው ብረት፣ ጉድጓድ ስትገባ እንዳይጋጩ ከጭነት መኪና ጎማ ወፍራም ላስቲክ ቆርጦ በመሃላቸው አሰረ። መኪናዋ ስትወርድ የተሳቢው መንጠቆም አብሮ ስለወረደ፣ ነቅሎ ከፍ አድርጎ በየደው፤ አለበለዚያ ተሳቢዋ አፍንጫዋን ደፍታ ክብደቱ ሁሉ በፒካፗ ጀርባ ላይ ያርፍ ነበር። ሲጨርስ ሥሯ ገብቼ አየሁ። ቀይ ነጥቦቹ ሁሉም አሉ።

ተሳቢዋን ሙሉ በርሜል ጭኜ ጉደር ደርሼ ተመለስኩ። ጥፋት ፍለጋ ጆሮዬን ጥዬ ነበር የነዳሁት። አትንቋቋም፣ አልጎትትም አትልም፤ ድልድዩ ጋ ያለውን ጉድጓድ እንኳ ምንም ሳትል አለፈችው። ጥፋት ማጣቴ የባሰ አሳሰበኝ። ሰው በነጻ ደግ የሚሆንበት ዘመን አልነበረማ።

የገበያው ቀን ደረሰ። ባለቤቴ ምርኩዟን ወርውራ ጋቢና ውስጥ አስገባች፤ በሩን ይዛ፣ ደህናውን እግሯን ደፉ ላይ አሳርፋ፣ ወጣች። ልክ ለእሷ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ይመስል ነበር። ደስ አለኝ፤ ግን አንገቴ ባዶውን ቀረ።

እኔም መካኒኩም ያላሰብነው ነገር ግን ጊንጪ መግቢያ ላይ ይጠብቀን ነበር፤ ኬላው። የኬላ ሰዎች ጭነትን በዓይን ነበር የሚመዝኑት። መኪና መሬት ለመሬት ስትሄድ ካዩ ጤፍ ወይም ቡና ደብቃለች ነው። ዕለቱን ተሳቢ አልጎተትንም፤ ከኋላ የጨርቅ ጥቅል ብቻ ነው ያለው።

"ጓድ፣ ውረድ" አለኝ ጠባቂው፤ ጺሙ ሽበት የጀመረው ጎልማሳ ነው። ጥቅሉን በሹል ብረት ወጋ ወጋ አደረገው። ወለሉን በጡጫው መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ መሬት ላይ ተኝቶ ከሥር አየ።

"ባዶ መኪና እንዲህ አይቀመጥም" አለ ልብሱን እያራገፈ። "ከወለሉ ሥር ሌላ ወለል አለ። ባይኖርማ ለምን ዝቅ ታደርጋታለህ?"

ለወገቤ ብል ባለቤቴ ትሰማለች። ለባለቤቴ ብል ሸክም ሆኜበታለሁ ብላ ታዝናለች።

"ለ... ለጎማው" አልኩ።

ጎማውን አየ፤ እኔን አየ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ መካኒኩን ሳየው የዋልኩበት ነው። 

"ወለሉ ይፈታል" አለ። ወለሉ ከተፈታ የዚያ ቀን ገበያ አለቀ።

በዚህ መሃል የጋቢናው በር ተከፈተ። ባለቤቴ ራሷ ወረደችና በምርኩዟ እየተመረኮዘች መጣች።

"ኮቱ ኢላሊ፣ ና እይ ወንድሜ" አለችው። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ያልዳነውን እግሯን አሳየችው፤ በእጇም የበሩን ደፍ ከፍታ አመለከተችው። "ደህነኛውን እግሬን ሳነሳ ይሄኛው የሚሸከመኝ እስከዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ ካለፈ ይከዳኛል። በሲባጎ ለክቼ፣ ቋጥሬ፣ ለመካኒኩ የላክሁት እኔ ነኝ። መኪናዋን ዝቅ ያስደረግኳት እኔ ነኝ።"

"ባልሽ አያውቅም?"

"እሱ ምን ያውቃል? መካኒክ ሲጠረጥር ነው የሚውለው።"

"ለምን አልነገርሽውም?"

"እሱ ወገቡን እያመመው መቼ ነገረኝ?"

ጠባቂው ብረቱን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። አሁን ያየኝ በሌላ ዓይን ነው።

"ማን ነገረሽ?" አልኳት።

"ስታነሳኝ ትንፋሽህን ትይዛለህ" አለችኝ። "ጆሮዬ አንገትህ ሥር ነው። እንዴት አልሰማም?"

ጠባቂው ጉሮሮውን ጠረገና "ሂዱ፣ ሂዱ፣ ገበያው ሳይበተን" አለን።

ወደ መኪናዋ ስትመለስ እጆቼ በልማድ ተዘርግተው ነበር። "ተው" አለችኝና ራሷ ወጣች። ጥቂት እንደነዳሁ፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?" ብላ ጠየቀችኝ። "ቅርብ ጊዜ ነው" ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

"ከመጀመሪያው ቀን" አልኳት።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። እኔም መንገዱ ደበዘዘብኝ። ገበያው ዳር ሳቆም ቀድማኝ ወረደች። የጨርቁን ጥቅል ላወርድ ስጠጋ ምርኩዟን አንስታ እጄ ላይ አሳረፈችው።

"እስቲ ንካ!" አለችኝ፣ ዕንባዋ ሳይደርቅ፤ ተሸካሚም ጠራች።