በወፍጮው ኩሽኔታ የዋሸሁት

ይኸን ነገር ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም። እሱም ሳይሰማ ሞተ፤ ዕድለኛ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የልጄ ልጅ ትጽፋለች፣ እኔ አወራለሁ። አሁንም እጇን አቁማ ታየኛለች። "ጻፊ እንጂ፣ ምን ያስፈጥጥሻል" እላታለሁ። እናንተም ገና አታፍጥጡብኝ።

የወንድሜ ልጅ ዘይነባ እዚህ መካነ ሰላም ወፍጮ ቤት አላት። ዐረብ አገር የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ መጥታ ነው የተከለችው። እኔ ወረፋ አስይዝላት ነበር። ወረፋ ማስያዝ ተባለ እንጂ ሥራዬ ሴቶቹን ማሳቅ ነበር።

ወፍጮውን የሚጠግነው ሰይድ የሚባል ሰው ነው። ዝምተኛ፣ በጆሮው የሚሠራ ሰው። ዒድ ሲቃረብ፣ ዘይነባ ለቅሶ በሄደችበት ቀን መጣ። ዘንጉን አቅፎ የሚይዘው ኩሽኔታ ላይ የዱላውን አንድ ጫፍ አኖረ፤ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ይኸን አይቼ ዝም እላለሁ?

"ሰይዶ፣ ስንት ወሯ ነው?" አልኩት።

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንዷ "መንታ እንዳይሆን" አለች። እሱ ፊቱ ቀላ፤ ግን አልሄደም።

"እትየ ዘሀራ፣ ይሳቁ፣ ግድ የለም። ጠቅ ጠቅ ይላል። ውስጡ ተሰንጥቋል። ዘይነባ እንደመጣች ይንገሯት፣ ሳይቀየር እንዳይፈጭበት።"

"እሽ" አልኩ። እሽ ያልኩት እኔ ነኝ።

እሱ ሲሄድ ሞተሩን አስቁሜ ክዳኑን አስፈታሁ። ጥቁሩን የብረት ቅባት፣ ግራሶውን፣ በሻሼ ጠረግሁት። ብረቱ እንደ መስታወት ያበራል፤ ፊቴን አየሁበት። ስንጥቅ የሚባል የለም። አዲስ ግራሶ ሞላሁበት፣ ጠቅ ጠቁም ጠፋ። እንዴት እንደኮራሁ። ለዘይነባ አልነገርኳትም። ለምን? ብነግራት ሰይድ ልክ ሊሆን ነው፤ ሳቁ ደግሞ ወደኔ ሊዞር ነው። ለዚች ብቻ ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ኩሽኔታው ፈነዳ። ዘንጉ ወደቀ፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ቺንጋ ተፈትልኮ ወጣና የዘይነባን ቀኝ እጅ መታው። ዱቄቱ ላይ ደም አየሁ።

ዘይነባ ስትድን መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይኸን ነው፤ "አክስቴ፣ ሰይድ አይቶት አልነበር? ምን አለ?"

"ደህና ነው ብሎ ሄደ" አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። በዚች በአፌ።

ከዚያ ወዲያ ሰይድን ወፍጮዬን ንካልኝ የሚለው ጠፋ። አንድ ቀን ደጄ መጥቶ ቆመ። "እትየ፣ ነግሬዎት አልነበር?" አለኝ። "አላስታውስም" አልኩት። ትንሽ አየኝና "እሽ" ብሎ ሄደ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። አሁን ወግዲ ገበያ ሽንኩርት ይሸጣል አሉ። ያ ጆሮ ሽንኩርት ላይ ምን ይሰማል?

ይኸን ሁሉ ዓመት በአንድ ነገር ተጽናናሁ፤ ብረቱ ያበራ ነበር። ስሰግድም ያችኑ ለአላህ አቀርባለሁ። ደህና ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ እላለሁ።

ባለፈው አዲሱ ጠጋኝ ሌላ ኩሽኔታ አውጥቶ ደጃፉ ላይ ሲሰብር አገኘሁት። ቁራጩ ውጭው ያበራል፣ ውስጡ ግን ተሰንጥቋል። "ይኸ ከላይ ደህና አይደል እንዴ?" አልኩት።

"ከላይ አይጀምርም፣ እማማ" አለኝ። "ውስጡ ያለው ድብልብል ብረት፣ ብዩ፣ በላዩ በሮጠ ቁጥር ብረቱን ይጫነዋል። ሽቦ እያጠፉ ሲያቀኑት አይሰበርም? እንደዚያ ነው። ስንጥቁ ከቆዳው ስር ይነሳል፣ ዓይን በማያይበት። ቀስ እያለ ወደ ላይ ይመጣና ብረቱን ይልጠዋል። ብዩ የተላጠው ላይ ሲደርስ ጠቅ ይላል። መጀመሪያ የሚያውቀው ጆሮ ነው።"

"ግራሶ ቢሞሉበትስ?"

"ድምፁን ይሸፍነዋል። ስንጥቁ ሥራውን አያቆምም።"

ሱብሃነላህ፣ እዚያው ዱቄቱ ላይ ተቀመጥኩ። የኔ መጽናኛ ምን ነበር? ያ ሰው በዱላ የሰማውን እኔ በሻሽ ጠርጌ ሸፈንኩት። የወፍጮዋን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ አፍ አፏን ይዤ ዝም አሰኘሁ። ድምፁ የጠፋው በኔ እጅ ነው። የዘይነባ እጅ ዛሬም አይታጠፍም። በዚያው እጅ ምርጡን ዱቄት ትሰፍርልኛለች፣ ሰይድን ደግሞ ትረግመዋለች። እኔ ቁጭ ብዬ አሚን እላለሁ። ሰው ነኝ እኔ?

አውፍ፣ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ሐቁ የእናንተ አይደለም፤ የሰይድና የዘይነባ ነው። ልጅቱ ጽፋ ስትጨርስ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጮክ ብላ ታነበዋለች። ወረፋ የሚይዙት ያኔ አብረውኝ የሳቁት ሴቶች ናቸው። ዘይነባም ትሰማለች። ወረቀቱን ከዚያ ወግዲ እንወስደዋለን፣ ለባለ ሽንኩርቱ። እኔ ሲነበብ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ አልቀልድም። የመጨረሻዋን ቃል ግን ራሴ እላታለሁ፣ ልጅቱ እንዳታነባት ብያታለሁ።

ነግሮኝ ነበር።