አንድ ሰዓት የቀረው ጾም

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አልፈጀብንም። ከባሕር ዳር ኤርፖርት ቡሬ ለመድረስ ግን ቀኑ አለቀ። ይህን ስናገር ሰው መንገዱን የማማ ይመስለዋል። መንገዱም ለሐሜት የሚበቃ ነበር፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያደክመኝ ግን በዚያ መንገድ ላይ እናቴን የዋሸኋት ውሸት ነው።

ሞባይል ገና እጃችን የገባበት ጊዜ ነበር። እኔ ፍኖተ ሰላም አስተምራለሁ፤ እናቴ ቡሬ ብቻዋን ትኖራለች። በዚያ ክረምት ውኃ ውኃ እያላት፣ እየከሳች፣ እግሯ እየደነዘዘ ስትሄድ አዲስ አበባ ወስጄ አሳየኋት፤ ስኳር ነው ተባለ። ሐምሌን ሆስፒታል ከረመች፤ እኔም ከአልጋዋ ሥር ወለል ላይ ከረምኩ። የምትወጣ ዕለት ሐኪሟ ወደ ጎን ጠራኝና፣ «ይችን ክኒን ጠዋት ጠዋት ትውጣለች። ውጣ ግን ሳትበላ መቆየት የለባትም። ላብ ካላባትና ከተንቀጠቀጠች ቶሎ ጣፋጭ ነገር ስጣት፤ ዝም ብለህ ካየሃት ራሷን ትስታለች፤ ልትሞትብህም ትችላለች» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ መንገላታት የለባትም ስላለኝም እስከ ባሕር ዳር አውሮፕላን ቆረጥን። የጉዞው ቀን ነሐሴ አንድ ዋለ፤ ፍልሰታ የሚገባበት ቀን።

በእኛ አገር ፍልሰታን ልጅ እንኳ ይጾማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም። ሕመምተኛ አይገደድም የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን ሰው ራሱ «ታምሜያለሁና ልብላ» ብሎ አይፈታም። የነፍስ አባቱ «ብላ» ሊሉት ይገባል። እናቴ ከቡሬ ስትወጣ ጾሙ ሩቅ ስለነበረ የነፍስ አባቷን አልጠየቀቻቸውም። እኔም ትኬቱን፣ መድኃኒቱን፣ ወፍራሙን ጋቢ፣ ሁሉን አስቤ ይህችን ብቻ ሳላስብ ቀረሁ። የተማርኩ ነኝ ብዬ ይሆናል።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ካደርንበት ዘመዳችን ቤት፣ ክኒኗን በአንድ ጉንጭ ጠበል ዋጠች። ጠበል ጾም አይሽርም። ዳቦ ቆርሼ እጇ ላይ አኖርኩና «ብዪ» አልኳት። «እሺ» አለች። ታክሲ ፍለጋ ወጥቼ ስመለስ ዳቦው የለም። በላች ብዬ አመንኩ። አሁን ሳስበው እናቴን ሠላሳ ዓመት አውቃት ነበር፤ ያን ቀን ጠዋት ግን እንቅልፍ እያዳፋኝ ነበርና እንደማያውቃት ሰው ነው ያመንኳት።

ባሕር ዳር ደመና ወርዶ አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ያህል ዘገየ። አየር ላይ እናቴ ማማተብ አላቋረጠችም። አስተናጋጇ በወረቀት የተጠቀለለ ኬክ ስትሰጣት «ይባርክሽ ልጄ» ብላ ተቀበለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፤ ተኝቻለሁ። ጎማው መሬት ሲነካ ነው የባነንኩት። «ደመናን ከላይ አየሁት። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?» አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር።

ኤርፖርቱ ዓለም አቀፍ ይባላል። ከበሩ ስትወጣ ግን ወደ ቡሬ የሚሄድ አንድ መኪና አታገኝም። ዝናቡ ይወርዳል፣ ባለ ታክሲዎቹ «ሆቴል? ሆቴል?» ይሉሃል። «የታመመች እናት ይዤ ምን ሆቴል ያምረኛል?» ብዬ በአንዱ ላይ ጮኽኩበት፤ ሰውየው ምንም አላደረገኝም ነበር። መናኸሪያ አደረሰን። በቡሬ የሚያልፈው የፍኖተ ሰላሙ አውቶቡስ ገና ግማሽ ነበር፤ እስኪሞላ ተቀመጥን። ጣሪያው ያፈሳል። የእርጥብ ጋቢ ሽታና የናፍጣ ሽታ ተደባልቆ አፍንጫችን ሥር ቆመ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ተንቀሳቀስን፤ መራዊን አለፍን፣ ዱርቤቴን አለፍን፣ ዳንግላ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ።

ሹፌሩ ወረደ፣ ረዳቱ ወረደ፣ ከዚያ ለማየት ሁሉም ወረደ። እኛ አገር ጎማ ሲቀየር ሃያ ሰው ቆሞ ካልመከረበት ብሎኑ አይፈታም። እኔና እናቴ፣ ከፊታችን ወንበር ያሉ አንድ ሽማግሌ ቄስና ከጎናችን ያለች አንዲት ሴት ብቻ ቀረን። ነጠላዋን ላስተካክልላት አንገቷን ብነካው እንደ ታጠበ ልብስ ርሷል። እጇ ይንቀጠቀጣል።

«እማ፣ ምነው?»

«ምንም። ብርድ ነው» አለችና በአባቴ ስም ጠራችኝ። አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። ዘንቢሏን ከፈትኩ። ዳቦው በመሐረብ ተቋጥሮ ተቀምጧል፤ ኬኩም ከነወረቀቱ ከጎኑ አለ።

«አልበላሽም እንዴ!»

«ኧረግ! ፍልሰታ ገብቶ? ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እቀምሰዋለሁ እኮ። ይኸው ቋጥሬዋለሁ።»

«ሐኪሙ ያለውን ረሳሽው?»

«እሱ ለሥጋዬ ነው። ለነፍሴ ሌላ አባት አሉኝ።»

ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ቀርቷታል። አንድ ሰዓት ብቻ! ኪሴ ውስጥ የያዝኩትን ስኳር አውጥቼ አፏ ላይ ባደርገው ጥርሷን ገጠመች፤ ልክ እንደ ልጅ። ፈራሁ፣ ከዚያም ተናደድኩ፤ የፈራ ሰው ቁጣ መጥፎ ነው። «ልትሞቺብኝ ነው?» ብዬ ጮኽኩ። ሴትዮዋ «ኧረ ይቅመሱ እትዬ፣ ስለ እመብርሃን» አለቻት። ቄሱም ዞሩ። ነገሩን በአጭሩ ነገርኳቸው።

«ይቅመሱ እናቴ። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛ አታስገድድም» አሉ።

እናቴ እየተንቀጠቀጠች መስቀላቸውን ተሳለመች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ። የእኔ የነፍስ አባት ሳያውቁት ግን እንዴት አድርጌ? አንድ ሰዓት ምን አላትሳ?»

ቄሱ አልተጫኗትም። የሌላ ካህን የነፍስ ልጅ ናትና መጫን አይገባም። እኔ ግን ጨክነው ቢጫኗት እወድ ነበር።

የነፍስ አባቷ ስልክ የላቸውም። የወንድማቸው ልጅ ግን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሱቅ አለው፤ የእሱ ቁጥር ነበረኝ። ከአውቶቡሱ ወርጄ ሞባይሌን ወደ ሰማይ ዘርግቼ በጭቃው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ጎማውን የከበቡት ሰዎች ዞረው ያዩኛል። ስመለስ እናቴ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላለች፤ ዐይኗ ተከድኗል።

አጠገቧ ቆሜ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

«ሃሎ! አባታችን ናቸው? መስቀልዎን እሳለማለሁ... አዎ፣ መንገድ ላይ ነን፤ ዳንግላ ልንደርስ ነው... አልበላችም፣ እርስዎ ካልፈቱኝ እያለች ነው...»

እናቴ ዐይኗን ገለጠች። የነፍስ አባቷ መሆናቸውን ስትሰማ የፊቱን ወንበር ተደግፋ እንደምንም ተነሣች፣ ነጠላዋን አጣፋች። ለአንድ ድምፅ ለሌለው ስልክ በአክብሮት ቆመችለት። በሕይወቴ ያፈርኩበት ብዙ ነገር አለ፤ የዚያን ያህል ያፈርኩበት የለም። ግን አላቆምኩም።

«እሺ አባታችን። እነግራታለሁ። እሺ።»

«ምን አሉ?»

«‹ሕመምተኛ ነሽ፤ ቀምሰሽ መድኃኒትሽን ዋጪ› አሉሽ።»

አማተበችና አፏን ከፈተች። ስኳሩን አጎረስኳት፤ ቀጥዬ ዳቦውን። ሴትዮዋ ከጠርሙስ ለስላሳ ሰጠቻት። ቄሱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እዚያ ቦታ ላይ ኔትወርክ እንደሌለ የሚያውቁ ይመስለኛል፤ እሳቸውም ሞባይል በአንገታቸው አንጠልጥለው ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ላቧ ደረቀ፣ በስሜ ጠራችኝ። ጎማውም ተቀየረ። ተረፈች ብዬ መቀመጫዬ ላይ ስዘረጋ ገና ሥራዬ መጀመሩ ነበር። «ድምፃቸው እንዴት ነው? ስንሄድ ጉንፋን ይዟቸው ነበር» አለችኝ። ደህና ናቸው አልኳት። «ስለ እኔ ጠየቁህ?» ጠየቁኝ። «ቅዳሴ ውለው ነው?» አዎ፣ አሁን መውጣታቸው ነው። ዳንግላ ዋሸሁ፣ ጉሙ በወረደበት እንጅባራ ዋሸሁ፣ ቲሊሊም ዋሸሁ። አንዱ ውሸት ሌላውን እየጎተተ፣ እኔ ሁሉንም እየተሸከምኩ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቡሬ ገባን።

ጎረቤት ተሰብስቦ «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ሲላት የነፍስ አባቷም መጡ። የአካባቢያችን ሰው ሁሉ የሚወዳቸው፣ ደግ፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ቀድሜ በር ላይ ልይዛቸው ብነሣ የአንዷ ጎረቤታችን ሰላምታ ያዘኝ። እናቴ መስቀል ተሳልማ፣

«አባቴ፣ እርስዎ ባይፈቱኝ ኖሮ ዛሬ መንገድ ቀርቼ ነበር» አለች።

«መቼ ነው የፈታሁሽ?»

«በስልክ ነዋ! ዳንግላ ሳንደርስ።»

«ኧረ እኔ ከቅዳሴ ወጥቼ በቀጥታ ቤቴ ነው የገባሁት። ስልክ የሚባል ጆሮዬ አልደረሰም።»

እሳቸው እኔን አዩኝ፣ ነገሩ ገባቸው፣ ግን መዋሸት የማያውቁ ሰው ናቸውና የሚያድኑኝበት ዘዴ አልመጣላቸውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እስኪያድር እንኳ አልጠበቀኝም። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩና፣ «ሕመምተኛ ነሽ፤ ቀምሰሽ መድኃኒትሽን ዋጪ። እስከ ጾሙ ፍቺ ድረስ እንዲሁ አድርጊ» አሏት።

ስሰማው የከነከነኝ ይሄ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ከአፌ ያወጣሁት ቃል ነው፤ ‹እስከ ጾሙ ፍቺ› ከማለታቸው በቀር አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ሱቁ ደውዬ ብጠይቃቸው ኖሮ ይህንኑ ይሉኝ ነበር።

ልሸኛቸው ስወጣ ጭቃው ላይ ቆመው ስግደት አዘዙኝ። «በነፍስ አባት ስም አይዋሽም ልጄ» አሉ። የታዘዝኩትን ሰገድኩ። ቀላሉ እሱ ነበር።

እናቴ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ምንኛ በወደድኩ። «ደክሞሃል፣ ግባና ተኛ» አለችኝ፤ በማግስቱ ጠዋትም ተነሥታ፣ የነፍስ አባቷ እንዳዘዟት፣ ቀምሳ ክኒኗን ዋጠች። ጾሙን ሁሉ እንዲያ አደረገች፤ አንድ ቀን አላዛነፈችም። ከዚያ ወዲህ ግን ከሐኪም የሰማሁትን ስነግራት «እሺ» ትለኝና ስወጣ ጎረቤታችን ያለችውን ነርስ አስጠርታ ትጠይቃለች። አንድ ቀን ሳላስበው ስመለስ ሰማኋት። «ልጄ እንዲህ ይላል፤ እውነት ነው ወይ?» ትላታለች። በሩ ላይ ቆሜ፣ ሳልገባ ተመልሼ ሄድኩ። አመመኝ፤ ቅርም አለኝ፤ አድኜሽ የለም ወይ ልላት ፈለግሁ። ግን ለእሷ ያዳናት ዳቦው ሳይሆን የነፍስ አባቷ ቃል ነበር፤ እሱ ደግሞ የእኔ ውሸት ነበር።

ከዓመታት በኋላ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ተኛች። ኩላሊቷ ነው ብለን ሰግተን ነበር። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ አቁሞኝ «ኩላሊቷ ደህና ነው፤ ሐሙስ ቤቷ ትገባለች» አለኝ። እየሮጥኩ ነው የገባሁት።

«እማ! ኩላሊትሽ ደህና ነው፤ ሐሙስ ትወጫለሽ አለ።»

«ተመስገን» አለች። እጄን ይዛ ዳበሰችኝ። ፊቷ ላይ ግን ፍርሃቱ አልለቀቀም፤ ዐይኗን በሩ ላይ አድርጋ ቆየች። «ይሁና ልጄ። ለእኔ ብለህ ነው፣ አውቃለሁ። እህትህ ስትመጣ ደግሞ ትጠይቅልኝ።»

«እውነቴን ነው እኮ። ፊት ለፊት ነው የነገረኝ።»

«እሺ» አለችኝ።

ታናሽ እህቴ ከደብረ ማርቆስ የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሐኪሙን እንድትጠይቅ ላክኋት። ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ኩላሊትሽ ደህና ነው አለ። ሐሙስ ቤትሽ ትገቢያለሽ» አለቻት። እናቴ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ እጄን ለቀቀችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ከሦስት ቀን ወዲህ እንቅልፍ ሲወስዳት ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።