የሰው ኃይል

ልጁ ኮሌጅ ገብቶ ሶሺዮሎጂ ሲማር፣ ልብስ ሰፊው አባቱ የትምህርቱን ስም አንድ ቀን እንኳ አስተካክለው ጠርተውት አያውቁም። «ሰው ተምሮ ሐኪም ይሆናል፣ መሐንዲስ ይሆናል። አንተ ስትጨርስ ምንድን ነው የምትሆነው?» ይሉታል።

«የሰውን አኗኗር እኮ ነው የማጠናው፣ አባዬ።»

«እሱንማ እኔም እዚሁ ቁጭ ብዬ አየው የለ!» ብለው ወደ ስፌት መኪናቸው ይዞራሉ።

ደግነቱ እታለም ነበረች። ታላቅ እህቱ ናት፤ እሱ ይማር ብላ ትምህርቷን አቋርጣ ልብስ ፋብሪካ የገባች። የመመረቂያ ጽሑፉን፣ «ሥራ ማጣት በቤተሰብ ላይ የሚያመጣው ጣጣ» የሚለውን፣ ከፈረቃ መጥታ እንቅልፍ እያዳፋት አዳምጣዋለች። ምን ይደረግ፣ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ አጣና ጽሑፉ እውነት መሆኑን እቤቱ ቁጭ ብሎ አረጋገጠ።

በስንት መከራ እዚያው የእታለም ፋብሪካ «የሰው ኃይል አስተዳደር» ውስጥ ቀጠሩት። እሰይ! አባት ግን «ኃይል» የሚለውን ሲሰሙ ክው አሉ። ይህን ሁሉ ተምሮ ተሸካሚ! ቢያስረዷቸው፣ ቢምሉላቸው፣ ወይ ፍንክች። ሁልጊዜ ማታ ወገቡን እያዩ «ዛሬስ ምን አሸከሙህ?» ይሉታል፣ ከልባቸው አዝነው። እህትና ወንድም በሳቅ ይንከተከታሉ።

ከዚያ ገበያው ቀዘቀዘና ፋብሪካው አንዱን የስፌት ክፍል ሊዘጋ ሆነ። የእታለምን ክፍል። ሥራ አስኪያጁ ልጁን ጠርቶ፣ «ለሠራተኞቹ አንተ ንገራቸው፤ ሰውን ያጠናኸው አንተ ነህ» አለው። አይ ትምህርት! እምቢ ቢል እሱም ይባረራል፤ ቤቱ በአባት ስፌት ብቻ ሊያድር ነው። እሺ አለ።

መጀመሪያ የገባችው እሷ ነች። ብጥስጣሽ ክሩ ከሽርጧ ላይ እንኳ አልረገፈም።

«ድርጅቱ ካጋጠመው ወቅታዊ ሁኔታ አንጻር...» ብሎ ጀመረና እንባው ቀደመው።

«ጨርሰው እንጂ» አለችው። «ለሌሎቹም እንዲህ ልታለቅስባቸው ነው?»

ውሃ ቀዳችለትና ወጣች። በር ላይ ለተሰለፉት ሴቶች፣ «ግቡ፣ አይዟችሁ፤ ደህና ልጅ ነው» ስትል ሰማት። ከሁሉ ከሁሉ ያ አንገበገበው።

ማታ አባት እንደ ልማዳቸው ወገቡን አዩ። ዛሬስ እውነትም ጎብጧል።

«ዛሬስ ምን አሸከሙህ፣ ልጄ?»

የሚስቅ ጠፋ።

«እኔን፣ አባዬ» አለች እታለም።